ማስተካከያ፦ ስለ ስዊች 2 የጻፍኩት ነገር
ኒንቴንዶ ስዊች 2 የተባለው የጌም መጫወቻ ገና ሳይወጣ ከወሬ ለቃቅሜ አንድ ጽሑፍ ለጥፌ ነበር። ግማሹ ስህተት ሆኖ ተገኝቷል፤ ላርመው።

ትልቁ ስህተቴ ስክሪኑ ነው። «ኦሌድ ነው፣ አለቀ» ብዬ ነበር (ኦሌድ እያንዳንዱ ነጥቡ በራሱ የሚበራ የስክሪን ዓይነት ነው)፤ የእ.ኤ.አ. 2021ዱ ስዊች ኦሌድ ስለነበረው አዲሱ ወደ ኋላ ይመለሳል ብዬ አላሰብኩማ። ግን ኤልሲዲ ነው፤ ማለትም ከኋላው ባለ መብራት የሚበራ ስክሪን። 7.9 ኢንች፣ 1080ፒ ጥራት፣ እስከ 120 ኸርዝ (ምስሉን በሰከንድ እስከ 120 ጊዜ ያድሳል)። መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም፣ ጥቁሩ ግን እንደ ኦሌዱ ድቅድቅ አይልም።

ደግሞ የጆይኮኑ፣ ማለትም ከስክሪኑ ጎን የሚገጠመው መቆጣጠሪያ፣ ዘንግ በማግኔት ስለሚሠራ ያ ሳይነኩት በራሱ የመንቀሳቀስ ጣጣ ቀረ ብያችሁ ነበር። ኩባንያው ዘንጉ «ሆል ኢፌክት» የሚባለው በማግኔት የሚሠራ ዓይነት እንዳልሆነ ተናግሯል። ማግኔቱ ያለው ጆይኮኑ ከስክሪኑ ጋር በሚጣበቅበት ቦታ ላይ ነው፤ ሁለት ወሬ አደባልቄ አንድ አደረግኳቸው።

ጆይኮኑ እንደ ማውዝ ይሠራል ሲባል ግን ስቄ ነበር። እውነት ሆኖ አረፈው!

ዋጋውንም 400 ዶላር ብዬ ገምቼ፣ አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ጁን 5 ቀን 2025 ሲወጣ 449.99 ሆነ። የድሮ ሚሞሪ ካርዳችሁም ጌም አይጭንበትም፤ ማይክሮ ኤስዲ ኤክስፕረስ የሚባለውን ፈጣን የካርድ ዓይነት ነው የሚፈልገው።