ተሸክሞ ማውጣት መንገድ መሥራት አይደለም

የባሕር ዳር ነዋሪዎች፣ ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፤

ባለፈው ክረምት በከተማችን ባለ አንድ መሥሪያ ቤት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ጉዳይ ኖሮኝ ተሰልፌ ሳለሁ፣ አራት ጎልማሶች አንዲትን ሴት ከነዊልቸሯ ተሸክመው ደረጃውን ሲወጡ አየሁ። ሴትዮዋ በሁለት እጆቿ የወንበሩን መደገፊያ ጨብጣ ስለነበር ነጠላዋ ከራሷ ላይ ሲንሸራተት ልትይዘው አልቻለችም፤ በየመታጠፊያው ወንበሩ ወደ ኋላ ባዘመመ ቁጥር ዓይኗን ትጨፍናለች። ከላይ ሲደርሱ ተሰላፊው ሁሉ «ተባረኩ፣ ጉልበታችሁን አይንሳችሁ» ብሎ ተሸካሚዎቹን መረቀ፤ እኔም መረቅሁ። እሷ ነጠላዋን አስተካክላ፣ አጠገቧ ለቆምነው ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «እግዜር ይስጥልኝ፤ ሽንት ቤቱ አይመችሽም ስላሉኝ ግን ከትናንት ማታ ጀምሮ ውኃ ሳልጠጣ ነው የመጣሁት» አለች። ያን ጊዜ ምርቃቴ አሳፈረኝ።

ክፉ ሕዝብ አይደለንም። ዓይነ ስውር አስፋልት ዳር ቆሞ ካየን እጁን ይዘን እናሻግራለን፤ ክራንች የያዘ ሰው ሲመጣ ከታክሲው የፊት ወንበር ተነሥተን እንለቅለታለን፤ ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ሳንመጸውት አናልፍም። የምገሥጻችሁ፣ ራሴንም ጨምሬ፣ ይህን ደግነታችንን የሥራ ምትክ ስላደረግነው ነው። ባለሕንፃው ለዊልቸር የሚሆን ደረጃ አልባ መወጣጫ ሳይሠራ የሚቀረው «የሚረዳቸው ሰው አይጠፋም» ብሎ ነው፤ የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ የአገልግሎት መስኮቱን ሦስተኛ ፎቅ ላይ የሚያስቀምጠው ጥበቃዎቹ ተሸክመው እንደሚያወጧቸው ስለሚተማመን ነው፤ እኛም ተሰላፊዎቹ መርቀን ወደ ቤታችን ስንሄድ ነገሩ የተፈጸመ ይመስለናል። የተሸከምነው ሰው ግን በማግሥቱ ሐኪም ቤት ሲሄድ፣ በሦስተኛው ቀን ልጁን ከትምህርት ቤት ሊያመጣ ሲወጣ አራት ጎልማሳ ተከትሎት አይሄድም።

ሕጉ ከእኛ ልማድ ቀድሞ ሄዷል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን እንዲያቋቁምና እንዲረዳ ያዝዛል። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ደግሞ በአንቀጽ 36፣ ማናቸውም የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ በዊልቸር ለሚሄዱም ሆነ መራመድ እየቻሉ ደረጃ መውጣት ለሚሳናቸው ሰዎች የሚያመች መግቢያ እንዲኖረው፣ መጸዳጃ ቤቱም ለእነሱ እንዲሆን አድርጎ እንዲዘጋጅ ደነገገ። መራመድ እየቻሉ ደረጃ መውጣት የሚሳናቸው በሚለው ቃል ውስጥ ጉልበቷን የሚያማት እናቴም አለችበት። በዓመቱ፣ በ2002 ዓ.ም.፣ አገራችን የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አጸደቀች፤ የስምምነቱ 9ኛ አንቀጽ መንገድን፣ ትራንስፖርትን፣ ሕንፃንና መረጃን ለአካል ጉዳተኞች ተደራሽ የማድረግ ግዴታን ይጥላል። አዋጁ በወጣ ጊዜ አንደኛ ክፍል የገባ ልጅ ዛሬ ጎልማሳ ሆኗል፤ እኛ ግን ዛሬም ወንበር እንሸከማለን።

እስኪ ራምፕ ስለምንለው መወጣጫ ላንሣ። ዊልቸሩን በገዛ እጁ የሚገፋ ሰው ብቻውን እንዲወጣ ከተፈለገ ለእያንዳንዱ 1 ሜትር ከፍታ 12 ሜትር ርዝመት ያስፈልጋል፤ 1 ለ 12 የሚባለው ይህ ልክ በግንባታ ባለሙያዎች ዘንድ የታወቀ ነው። አራት ደረጃ ያለው፣ 60 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያለ በረንዳ እንግዲህ 7 ሜትር ከ20 የሚረዝም መወጣጫ ይፈልጋል ማለት ነው። በቅርቡ በአንድ አዲስ ሕንፃ ፊት ቆሜ በእርምጃዬ ብለካ፣ ለዚያው ያህል ከፍታ የተሠራው ሁለት ሜትር እንኳ አልሞላ አለኝ፤ የለበሰው የሚያንጸባርቅ ሴራሚክ ነው፤ የእጅ መደገፊያ የለውም፤ ግርጌው ላይ ሞተር ሳይክል ቆሞበታል። በሐምሌ ዝናብ በሁለት እግሩ የሚሄድ ሰውም ያዳልጠዋል። ይህን ያሠራ ባለቤት ገንዘቡን አባክኗል፤ የሠራው ግንበኛ ሙያውን አዋርዷል፤ አይቶ ያለፈው ተቆጣጣሪም ፊርማውን አቅልሏል። ሦስቱም የዚህች ከተማ ሰዎች ናቸው፤ ምናልባትም ይህን ከሚያነቡት መካከል አሉ።

በከተማችን ውበት እንኮራለን፤ ይገባናልም። ዘንባባዎቹን፣ የጣናን ዳርቻ፣ በ2016 ዓ.ም. የተመረቀውን የ380 ሜትሩን አዲሱን የዓባይ ድልድይ ለእንግዳ ስናሳይ ደስ ይለናል። በኮሪደር ልማቱ መንገድ ሲሰፋ ግን የሰፋውን መልሰን የምናጠብበው እኛው ነን። ባለሱቁ ሳፋና ባልዲውን እስከ እግረኛው መንገድ ጠርዝ ይደረድራል፤ ቤት የሚያሠራው አሸዋና ጠጠሩን ወር ሙሉ ያከማችበታል፤ ባጃጁ ጎማውን አውጥቶ ይቆምበታል፤ የውኃ መውረጃውን የብረት ክዳን ነቅሎ የሚሸጥም ከመካከላችን ነው። በነጭ በትር የሚሄድ ሰው በትሩ የመሬቱን ጉድጓድ ሊነግረው ይችላል፤ በደረቱና በፊቱ ትክክል ወደ ውጭ የወጣውን የሸራ መወጠሪያ ብረት ግን አይነግረውም፤ ግንባሩ ሲመታው ነው የሚያውቀው። በእግረኛ መንገድ ላይ ሲረግጡት የሚጎረብጥ ባለ መስመር ንጣፍ ካያችሁም ለጌጥ የተነጠፈ እንዳይመስላችሁ፤ ማየት የተሳነው ሰው በእግሩ እያነበበ የሚሄድበት ስለሆነ ዕቃ አታስቀምጡበት።

አንተም ባጃጅ አሽከርካሪው ወንድሜ፣ ዊልቸር ስታይ «ኮንትራት ካልሆነ አልጭንም» አትበል። አጥፈህ ከኋላ ለማሰር የሚፈጅብህ ጥቂት ደቂቃ ነው፤ በዚያች ደቂቃ ሰበብ እጥፍ ማስከፈል በሰው እግር መነገድ ነው።

ስለ ዕቅዱም እናገራለሁ። የከተማው ዕቅድና በጀት ሐምሌ 1 ቀን ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት ለውይይት ስንጠራ አብዛኞቻችን አንሄድም፤ የሄድነውም ስለ ውኃ፣ ስለ መብራትና ስለ ቦታ ካርታ ተናግረን እንመለሳለን። በየዓመቱ ኅዳር 24 ቀን የዓለም አካል ጉዳተኞች ቀን ሲከበር የሚያጨበጭበው ሰው፣ ገንዘቡ በሚደለደልበት ቀን ግን አንድ ጥያቄ አያነሣም። መንገዱ ገና ተቆፍሮ ሳለ የእግረኛውን ጠርዝ በማቋረጫው ላይ ዝቅ አድርጎ መሥራት ቀላል ነው፤ አልቆ ከተነጠፈ በኋላ አፍርሶ ማስተካከል ግን ድርብ ወጪ ነው። ስለዚህ የትኛው መንገድ፣ የትኛው ጤና ጣቢያ፣ በየትኛው ወር፣ በስንት ብር እንደሚስተካከል አስቀድማችሁ ጠይቁ። የምትሰበሰቡበት አዳራሽ ደረጃ ብቻ ካለው ስብሰባው ወደ ምድር ቤት እንዲዛወር፣ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚም እንዲጠራ ሳትጠይቁ አትቀመጡ፤ በቦታው የሌለ ሰው የትኛው በር እንደሚጠበው ሊነግራችሁ አይችልም። በየዕድራችሁም እንደዚሁ አድርጉ፤ መዋጮውን በቤቱ ድረስ እየሄዳችሁ የምትቀበሉት አባል ስብሰባ ላይ ለምን እንደማይታይ ጠይቃችሁት ታውቃላችሁን?

አሳንሰር የሚጠይቀው ገንዘብ ብዙ ነው፤ ጊዜም ይወስዳል፤ ይህን አልክድም። የመሥሪያ ቤት ኃላፊ የሆናችሁ ግን ነገ ጠዋት አንድ ጠረጴዛና አንድ ባለሙያ ወደ ምድር ቤት ማውረድ ትችላላችሁ፤ ለዚህ በጀት አያስፈልግም። ለአካል ጉዳተኞች ተብሎ ተሠርቶ የመጥረጊያና የባልዲ ማከማቻ ያደረጋችሁት መጸዳጃ ቤት ካለም ዕቃውን አውጡና ቁልፉን በሩ ላይ ተዉት።