ገባሩ ወንዝ ሆይ፣ ሹመት ያዳብር!

ትርጉም እንደ ፎቶ ኮፒ በገጽ የሚሸጥበት ዘመን ላይ ላደረሰን ምስጋና ይገባል። እናንተም በሩን ታውቁታላችሁ፦ "ኮምፒውተር ጽሕፈት፣ ጉርድ ፎቶ፣ ላሚኔሽን፣ ማንኛውም ቋንቋ።" ማንኛውም! ድሮ ሰው አንድ ቋንቋ ሲማር ያረጅ ነበር። አሁን መብራት ካልጠፋ በቃ።

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ ስለ ስፔን ወንዞችና ጎርፍ የተጻፈ 12 ገጽ ስፓኒሽ ወደ እንግሊዝኛ አስተርጉማ መጣች። ለመመረቂያ ጽሑፏ ነው። ያስተረጎመችው እዚሁ ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ካለ አንድ ቤት ነው። ቡና ተፈልቶ ስለነበር ጮክ ብላ እያነበበች ወደ አማርኛ መለሰችልን።

"ኤብሮ ብዙ ሀብታሞች አሉት። ከሀብታሞቹ ትልቁ ሴግሬ ነው።"

እህቴ ሴግሬ ነጋዴ መስሏታል፤ ኤብሮም ሴግሬም ግን የስፔን ወንዞች ናቸው። ነገሩ እንዲህ ነው። ስፓኒሾች ወደ ትልቁ የሚገባውን ወንዝ "አፍሉዬንቴ" ይሉታል፤ እኛ ገባር የምንለው። እንግሊዝኛም "አፍሉወንት" የሚል ዘመድ ቃል አለው፤ በድሮ የጂኦግራፊ መጻሕፍት ገባር ወንዝ ማለት ነበር፣ ዛሬ ግን ብር ያለው ሰው ነው። ጀግናው ተርጓሚያችን ስሙ የሚመስለውን አንስቶ አስቀመጠው። ገባሩ በአንድ ሌሊት ጌታ ሆነ! ስንቱ ተማሪ "መሬት ላራሹ" እያለ የታሰረበትን ጉዳይ ይሄ ልጅ በገጽ ሂሳብ ጨረሰው።

እስቲ ወደ ራሳችን እናምጣው። ጎጀብ ስንት ዘመን ለኦሞ ሲገብር ኖረ፣ ማን አመሰገነው? አሁን ሀብታም ነው። ግብር ሰብሳቢ እንዳይሰማ እንጂ ደረጃ "ሀ" ግብር ከፋይ ሊያደርጉት ይችላሉ፤ ደረሰኝ ቁረጥ ይባላል፣ የሒሳብ ሠራተኛ ይቀጥራል፣ ሐምሌ ላይ ሞልቶ ሲመጣ "ዘንድሮ ገቢህ ጨምሯል" ተብሎ ይጠራል። አዌቱስ? ከተማችንን ሰንጥቆ የሚያልፈው አዌቱ፣ የተሸከመው ፌስታል፣ የሃይላንድ ጠርሙስና ነጠላ ጫማ ሁሉ ንብረት ተብሎ ከተቆጠረለት ከማንም አያንስም። ሰርግ ቢደግስ የምንጠራ አይመስለኝም። ግልገል ጊቤም ቀን ወጣለት፤ 184 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ግልገል እንደሆነ እናውቃለን፣ ገባር መሆኑን የተረሳለት ደግሞ ገና አሁን ነው።

ቀጠለች። "ወንዙ በዝናብ ወራት ከእናቱ ይወጣል።"

"ምስኪን!" አለች እህቴ ጀበናውን አስቀምጣ። "ወዴት ሄደ?"

የትም አልሄደም። በስፓኒሽ "ማድሬ" እናትም ናት፣ ወንዝ የሚተኛበት ቦይም ነው። ሞልቶ ፈሰሰ ለማለት ነው ከእናቱ ወጣ የሚሉት። ደግ ነገር፣ ልጁ ቢያንስ ለቤተሰብ ያስባል።

እንግሊዞቹስ ቢሆኑ? በቦነስ አይረስና በሞንቴቪዲዮ በኩል የሚያልፈውን የብር ወንዝ "ሪቨር ፕሌት" ብለውታል። ያኔ ፕሌት ብር ማለት ነበር፣ ዛሬ ሳህን ነው፤ በ1901 የተመሠረተው የቦነስ አይረስ ክለብም ስሙን እንደያዘ ኳስ ይጫወታል። እኛም "የለገዳዲ ወንዝ" እንላለን፤ "ለገ" በኦሮምኛ ወንዝ መሆኑን ጅማ ያደገ ሕፃን ያውቃል። ይሄ ልጅ ነገ ወደ አማርኛ መተርጎም ቢጀምር ደግሞ፣ በእንግሊዝኛ ሁለቱም "ቤዚን" ስለሚባሉ፣ ተፋሰስን ሳፋ ማድረጉ አይቀርም። የኦሞ ሳፋ! ልብስ መዘፍዘፍ ብቻ ነው የቀረን።

ዘጠነኛው ገጽ ላይ ግን ሳቄ ጠፋ። "ራምብላ" የሚለው ቃል "የእግረኛ መናፈሻ" ተብሏል። ባርሴሎና ውስጥ በዚያ ስም የሚጠራ ዝነኛ ጎዳና አለ፣ እሱም ድሮ የጎርፍ መሄጃ ነበር። ራምብላ ዓመቱን ሙሉ ደርቆ አሸዋ መስሎ ይተኛል፣ ሲዘንብ በአንዴ ይሞላል። ድሬዳዋ ያላችሁ ምን እንደሆነ አስረዱ ብትባሉ "ደቻቱ" ብላችሁ ትጨርሱታላችሁ። በ1998 ክረምት በሌሊት መጥቶ ከ200 በላይ ሰው የወሰደው ደቻቱ። ቫሌንሲያ አካባቢም ጥቅምት 2017 ላይ ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ጨርሷል፤ ብዙውን የጨረሰው ደግሞ እንዲህ ያለ ደረቅ መሄጃ ነው። ጽሑፉ "እዚህ ቤት አትሥሩ" ይላል፣ ትርጉሙ ለሽርሽር ይጋብዛል! ካላወቅህ "አላውቅም" ማለት ምን ይከብዳል? ሰውዬ፣ ብር ተቀብለህ እኮ ነው! ይቺ ልጅ ነገ መሐንዲስ ሆና የሰው ቤት የት ይሠራ ብላ ልትፈርም ነው።

ይዘነው ተመለስን። ልጁ በጣም ጨዋ ነው፣ ብድግ ብሎ ወንበር ለቀቀልን።

"ጋሼ፣ ስፔሊንጉ አንድም ስሕተት የለውም" አለኝ። እውነቱን ነው፣ የለውም። ስፓኒሽ ትችላለህ ወይ ብዬ ጠየቅሁት። "ከደንበኛ ጋር እየለመድን ነው" አለ። ስለ ሴግሬ ሀብት ላስረዳው ስሞክር በአክብሮት አዳመጠኝ፤ ከዚያ ቅር እንዳይለን ብሎ 12ቱንም ገጽ በነፃ ላሚኔት አደረገልን።

አሁን ውሃ እንኳ አይገባውም።