ስሙን የሚያውቀውና ነገሩን የሚያውቀው

ባለፈው ገና አዲስ አበባ ነበርኩ። እህቴ ኮልፌ ውስጥ የጽሕፈት መሣሪያና ፎቶኮፒ ሱቅ አላት። አንድ ጠዋት ፕሪንተሩ እምቢ አለ። አራት ሰው ቆሞ እየጠበቀ ነው። አንዱ የቤት ኪራይ ውል ሊያሳትም መጥቶ ሰዓቱን ደጋግሞ ያያል።

ልጇ አጠገቧ ነው። በኮምፒውተር ሳይንስ ተመርቋል። አራት ዓመት ሙሉ ከፍራንክፈርት ስከፍልለት የኖርኩት እኔ ነኝ። ጋዋን ለብሶ የተነሳው ፎቶ እዚያው ሱቁ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ልጁ ፕሪንተሩን አጠፋው፣ አበራው። ገመዱን ነቅሎ ሰካው። ወረቀቱን አውጥቶ መለሰው። ከዚያ በኋላ ዝም ብሎ ቆመ።

እህቴ ምንም አላለችውም። በሩ ላይ ወጥታ ከማዶ ሞባይል የሚጠግነውን ልጅ ተጣራች። ይሄኛው ትምህርቱን ከ8ኛ ክፍል ያቋረጠ ነው። የፈታውን ስልክ አስቀምጦ መጣና ወንበሩን ሳበ። ማሽኑን አልነካም። መጀመሪያ እሷን ጠየቀ። “እትዬ፣ ከመቆሙ በፊት መጨረሻ የላኩት ምንድን ነው?”

የሠርግ ጥሪ ካርድ ነበር። ፎቶ የበዛበት፣ ከባድ ፋይል። ልጁ ኮምፒውተሩ ላይ አንድ መስኮት ከፈተ። የሆነ ነገር አቆመ፣ ተሰልፎ የቀረውን ፋይል አጠፋ፣ ያቆመውን መልሶ አስነሳ። ፕሪንተሩ ወዲያው ወረቀት መሳብ ጀመረ። ሁለት ደቂቃ ቢፈጅ ነው። 200 ብሩን ተቀብሎ ወደ ሥራው ተመለሰ።

የእህቴ ልጅ ቀስ ብሎ ወደ እኔ ዞረ። “ጋሼ፣ ይሄ እኮ ስፑሊንግ ነው። ኦፕሬቲንግ ሲስተም ላይ ተምረነዋል” አለኝ። በዚያ ትምህርት ኤ ነበር ያመጣው።

እውነቱን ነው። ኮምፒውተር ከፕሪንተር ይፈጥናል። ስለዚህ የሚታተሙትን ነገሮች ወረፋ ያስይዛቸዋል። ፊት ያለው ከተሰናከለ ከኋላው ያለው ሁሉ ይቆማል። ልጁ ይህን አሳምሮ ይነግርሃል። የቆመው ወረፋ ዓይኑ ሥር ሲመጣ ግን አላወቀውም። ከሰዓት በኋላ ማዶ ተሻግሬ ጠጋኙን ስለ ስፑሊንግ ጠየቅኩት። “ስሙን አላውቀውም፤ እንዲህ ሲሆን እንዲህ ነው የሚደረገው” አለኝ።

ይህ ነገር እስካሁን ከአንጀቴ አልወጣም። በመካከላቸው ያለው አንድ አስፋልት ነው። ሁለቱም የራሳቸውን ሥራ መክፈት ይፈልጋሉ። ሁለቱም ደግሞ ሌላው የያዘው ነገር ይጎድላቸዋል።

ጀርመን ከተመለስኩ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በምሠራበት ክሊኒክ የኔትወርክ ዕቃ ሊቀየር ሰዎች መጡ። አንድ ጎልማሳና አንዲት የ19 ዓመት ልጅ። ልጅቷ አውስቢልዱንግ ላይ ናት፤ ሁለተኛ ዓመቷ ነው። እዚህ ያላችሁ ታውቁታላችሁ። ሀገር ቤት ላላችሁ ልንገራችሁ። ሦስት ዓመት የሚፈጅ ሥልጠና ነው። ድርጅት ይቀጥርሃል፣ በየወሩ ይከፍልሃል። በሳምንት አንድ ሁለት ቀን የሙያ ትምህርት ቤት ትሄዳለህ፤ በቀረው ቀን ሥራ ላይ ነህ። በኮምፒውተር ሙያ ፋህኢንፎርማቲከር ይሉታል። ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ነው።

ጎልማሳው እጁን አጣምሮ ቆመ። ሥራውን የያዘችው ልጅቷ ናት። ሳጥኑን ከመክፈቷ በፊት ወደ እኔ መጥታ “ጠዋት ጠዋት መጀመሪያ የሚያትመው ማን ነው? በስንት ሰዓት?” አለችኝ። ክው ነው ያልኩት። ማዶ ያለው ልጅ ለእህቴ ያቀረበላት ጥያቄ ነው። ስለ ማሽኑ ከመጠየቅ በፊት ስለ ሰውየው መጠየቅ። የእኛ ልጅ በአራት ዓመት ውስጥ ማንንም እንዲህ ጠይቆ አያውቅም፤ የሚጠየቅ ሰው ፊቱ ቆሞ አያውቅማ!

ስትጨርስ የሠራችውን መዘገበች። ሰልጣኞቹ የሠሩትንና የተማሩትን የሚጽፉበት መዝገብ አላቸው፤ አሠልጣኙ አይቶ ይፈርምበታል። መዝገቡ ካልተሟላ የመጨረሻ ፈተና ላይ አትቀመጥም። ፈተናውም ወረቀት ብቻ አይደለም። ድርጅቱ ውስጥ አንድ እውነተኛ ሥራ ትሠራለህ። እሷ ባለችበት ዘርፍ እስከ 40 ሰዓት ይሰጥሃል። ምን ያህል ሰዓት እንደወሰደ፣ ስንት እንደፈጀ፣ ለድርጅቱ ምን እንደሚያተርፍ ታሰላለህ። ከዚያ ፈታኞች ፊት ቆመህ 15 ደቂቃ ታስረዳለህ፤ እነሱም ያፋጥጡሃል። ኢኮኖሚና የሠራተኛ ሕግ ነክ ፈተናም አለው። ልጅቷ ነገ የራሷን ሥራ ብትጀምር የአንድ ሰዓት ጉልበቷ ስንት እንደሚያወጣ ታውቃለች።

አሁን የእኛን እዩት። ኮድ፣ ማለትም ለኮምፒውተር የሚጻፈው ትእዛዝ፣ ብዙ ጊዜ በእስክሪብቶ ወረቀት ላይ እየተጻፈ ነው የሚፈተነው። ያ ኮድ መሥራት አለመሥራቱን ልጁ በዓይኑ አያይም። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የመውጫ ፈተና መጥቷል፤ እሱም ከተሰጡት አማራጮች መልስ የሚመረጥበት ነው። የመመረቂያ ፕሮጀክቶቹን ርዕስ ደግሞ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የሆስፒታል ማኔጅመንት ሲስተም፣ የተማሪዎች ምዝገባ ሲስተም፣ የቤተ መጻሕፍት ማኔጅመንት ሲስተም። ስንቱ ሆስፒታል፣ ስንቱ ቤተ መጻሕፍት ነው አንዱን ተቀብሎ የሠራበት? የእህቴ ልጅ የሠራው የፋርማሲ ሲስተም ነበር። አንድም ፋርማሲ ገብቶ መድኃኒት ሲሸጥ ቆሞ አላየም። ኢንተርንሽፕ ወጥቶ ሁለት ወር ሰነድ ስካን ሲያደርግ ከርሞ፣ ማህተም የተመታበት ወረቀት ይዞ ተመለሰ። ከዚያ ዜሮ ዓመት የሥራ ልምድ የሚል ማስታወቂያ ፍለጋ ገባ።

አሁን ስታርትአፕ እጀምራለሁ ይላል። ሎጎ አሠርቷል። የቢዝነስ ፕላኑ 30 ገጽ ነው። ደንበኛህ ማነው ስለው “ወጣቱ” ይለኛል። ወጣቱ ማለት ማን ነው? ማዶ ያለው ልጅ የደንበኞቹን ስም ያውቃል፣ ማን በዱቤ እንደወሰደ ያውቃል፣ የየትኛው ስልክ ስክሪን ቶሎ ተሸጦ እንደሚያልቅበት ያውቃል።

ትምህርት አያስፈልግም ማለቴ አይደለም። ይህን ሳነሳ ሁሌ “ቢል ጌትስም አቋርጦ ነው” የሚለኝ አይጠፋም። ቢል ጌትስ ሃርቫርድን በ1975 እ.ኤ.አ. ሲተው ባዶ እጁን አልነበረም። ገና በ13 ዓመቱ፣ በ1968፣ የተማረበት ትምህርት ቤት ከኮምፒውተር ጋር አገናኝቶታል። ትምህርት ቤቱ ራሱ ነው እጁን ያፍታታለት። የእኛዋን ሳምራዊት ፍቅሩንም ተመልከቱ። ለመገናኛ ብዙኃን እንደተናገረችው ኮምፒውተር የነካችው 17 ዓመት ሊሆናት ሲል ነው። ከዚያ ኮሌጅ ገብታ ሶፍትዌር ተማረች፤ ሠራች፤ ኩባንያ ከፈተች። ራይድ የተባለውን የታክሲ መጥሪያ ያመጣችው ግን ራሷ ታክሲ አጥታ፣ በዋጋ ተከራክራ፣ መሽቶባት ተቸግራ ነው። በዚያ ላይ በ8294 በመደወል ብቻ መኪና ማዘዝ እንዲቻል ተደረገ፤ የከተማው ሰው ሁሉ ስማርት ስልክና ኢንተርኔት የለውምና። እንዲህ ያለው መልስ ሃንድአውት ውስጥ አይገኝም።

ማዶ ያለውም ልጅ ቢሆን ዝም ብዬ አላወድሰውም። የሰው ስልክ ሲያጸዳ መጠባበቂያ ቅጂ ሳያስቀር የአንዲት ሴት ፎቶ በሙሉ አጥፍቶባታል፤ የሞተች እናቷ ፎቶ ነበረበት። አልቅሳ ነው የሄደችው። የወሩን ትርፍ ስጠይቀው ኪሱን ዳበሰ። ኪራይና መብራት ቀንሶ አያውቅም። ይህንን የሚያስተምረው ሰው ቢያገኝ የት ይደርስ ነበር!

በ2016 ዓ.ም. የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ሲጀመር ደስ ብሎኝ ነበር። በነጻ ነው፣ በኢንተርኔት ነው፣ ማንም መግባት ይችላል። የእህቴ ልጅ ሰርተፊኬቱን ወስዶ ከጋዋኑ ፎቶ አጠገብ ሰቀለው። ማዶ ላለው ልጅ ሥልጠና መኖሩን የነገረው የለም።

ያኔ ወደ ጀርመን ከመመለሴ በፊት እህቴን ለብቻዋ ይዣት ነበር። “ልጁ ጠዋት ጠዋት ማዶ ሄዶ ይቀመጥ። ያኛው ያስተምረው፣ የእኛውም ሒሳብ ይያዝለት” አልኳት።

“ዲግሪ ይዞ ስልክ ቤት? ሰው ምን ይላል?” አለችኝ።

ተናደድኩ። ለዚያ ዲግሪ በክረምት በለሊት ፈረቃ በረዶ ላይ ስሄድ ሰው ምን አለ? ግን ዝም አልኩ፤ በዓል ነው፣ እንግዳ አለ።

ባለፈው እሑድ ልጁ ደወለልኝ። ማስተርስ ልማር፣ ክፍያውን ቻለኝ አለኝ። ከማስተርሱ ይልቅ ላፕቶፕና የስድስት ወር የሱቅ ኪራይ ልላክልህ፣ ማዶ ካለው ልጅ ጋር በጋራ ሥሩ፣ ስማችሁም አንድ ላይ ይጻፍ አልኩት። “እማዬን ላማክራት” ብሎ ዘጋው። እስካሁን አልደወለም።