«ዳኛ ያውቃል ወይ?» ማለት ይብቃን

ወገኖቼ፣ ሰፈራችን ውስጥ በአንዲት እናት ላይ የደረሰው ነገር ከልቤ አልወጣ ብሏል። ይቅር ልበል ብልም አልቻልኩም።

እንጀራ ጋግረው የሚሸጡ ሴት ናቸው። ባላቸው ካረፉ በኋላ በቤቱ ላይ የውርስ ክርክር ተነሣና ተፈረደባቸው። ይግባኝ ለማለት ጠበቃ ያዙ። የአንገት ሐብላቸውን ሸጠው ከፈሉት። ደረሰኝ የሚባል ነገር የለም። በደወሉ ቁጥር «እማማ፣ አያስቡ፣ እዛ ሰው አለኝ» ይላቸዋል። አመኑት፤ ምን ያድርጉ? በኋላ ቢጨንቃቸው ራሳቸው ፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት (ሬጅስትራር) ሄደው ሲጠይቁ በስማቸው የተከፈተ የይግባኝ መዝገብ የለም። ፍርድ በተሰጠ በ60 ቀን ውስጥ መቅረብ ነበረበት፣ ቀኑ አልፏል። ቀኑ ካለፈ በኋላ ይግባኝ ለማለት ማስፈቀጃ ቢጠይቁስ? የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጋችን ቁጥር 326 የጠበቃ ጥፋት በቂ ምክንያት አይሆንም ይላል። ጠበቃው ተኛበት፣ የተቀጡት እሳቸው! የቀራቸው እሱኑ ካሳ መጠየቅ ነው፤ ባልደረባውን የሚከስ ጠበቃ ለማግኘት ደግሞ ስንት ቢሮ እንዳንኳኩ እሳቸው ያውቃሉ።

እኔን ግን ከጠበቃው በላይ ያንገበገበኝ የኛ ነገር ነው። ሊያጽናኗቸው የመጡ ጎረቤቶች ቡና ላይ ምን አሉ መሰላችሁ? «ለዳኛው ሳይሰጡ ቀርተው ነው»። እዛው እሳቸው ፊት! ሌላዋ ተቀብላ «ዳኛ የሚያውቅ ጠበቃ መያዝ ነበረብዎት» አለች። እሳቸው አንገታቸውን ደፉ። ይግባኙ ለምን በቀኑ አልገባም ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው አልነበረም።

እስቲ እንተዛዘብ። ጠበቃ ፍለጋ ስንወጣ ሕግ ማወቁን መች እንጠይቃለን? «ዳኛ ያውቃል ወይ?» ነው የምንለው። ገዢ እስካለ ድረስ ደግሞ የሚሸጥልን አይጠፋም። ፍርድ ቤት በር ላይ የሚያንዣብበውን ጉዳይ ገዳይ የምናኖረው እኛ ነን። መዝገብ ሲያገላብጥ የሚያድረውን፣ እውነቱን የሚነግረንን ጠበቃ «ሰው የለውም» ብለን ጥለነው እንሄዳለን። ያሳዝናል።

አሁን ደግሞ አቤቱታውን በስልኩ በኤአይ (በሰው ሠራሽ አስተውሎት) የሚያስጽፍ ጠበቃ መጥቷል። ማሽኑ ያልተሰጠ የሰበር ውሳኔ ከነመዝገብ ቁጥሩ ፈጥሮ ሊሰጥህ ይችላል። ኒውዮርክ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2023 ጠበቆች ቻትጂፒቲ የፈበረካቸውን ውሳኔዎች ጠቅሰው ተገኙና 5,000 ዶላር ተቀጡ። እዛ ተጣርቶ ተደረሰበት። እዚህ «ሰው አለኝ» የሚለው ጠበቃ ማሽን ሲጨመርለት ምን እንደሚያደርግ አስቡት።

ጭራሽ ተስፋ የለም አልልም። ዐዋጅ ቁጥር 1249/2013 የፌዴራል ጠበቆችን በአንድ ማኅበር አሰባስቧል፣ በድርጅት ሆነው እንዲሠሩም ፈቅዷል። አንዱ ቢታመም ወይ ቢዘናጋ ባልደረባው መዝገቡን የሚይዝበት መንገድ ተከፍቷል። እናንት ሐቀኛ ጠበቆች፣ ስማችሁን የሚያጎድፈውን የሙያ ጓደኛችን ነው ብላችሁ አትሸፍኑት። ከናንተ አንዱ ቀድሞ ቢናገር እኚህ ሴት ያን ሁሉ በር ባላንኳኩ።

እኛም የጥብቅና ፈቃዱን እንይ፣ ደረሰኝ እንጠይቅ፣ የፍርዱን ቀን ጽፈን እንቁጠር። ይሄ ሁሉ ባንዴ እንደማይሆን አውቃለሁ፤ ተናግሮ ተናግሮም ይደክማል። ባለፈው ግን አንዲት ወጣት ጠበቃ ልትይዝ ስትነጋገር «ፈቃዱ ዘንድሮ ታድሷል? ውሉን በጽሑፍ እናድርገው» ስትል ሰማሁ። ደስ አለኝ። እንደሷ ዓይነቶቹ ቢበዙልን።