ሎከሩን ከተማሪ ላዳኑልን

የገነባ ይሸለማል፣ የሮጠ ይሸለማል፣ የዘፈነማ ተሸልሞ አይጠግብም። ቆልፎ ያስቀመጠን ሰው ግን መድረክ ላይ ጠርቶ ካባ ያለበሰው የለም። ይህ ግፍ ነው። ዛሬ ካባውን ይዤ የመጣሁት እኔ ነኝ።

ካባው የሚገባው እዚሁ ድሬዳዋ ላለ አንድ ትምህርት ቤት ነው። ስሙን አልጠራም፤ ድሬ ጠባብ ናት፣ ነገ ቀፊራ ገበያ መተያየታችን አይቀርም። ይህ ትምህርት ቤት ለተማሪ የተገዛ ሎከር፣ ማለትም ባለቁልፍ የዕቃ ማስቀመጫ ሣጥን፣ ከተማሪ ጠብቆ ያቆየ ነው። አንዲት ጭረት አታገኙበትም። የመጣበት ላስቲክ እንኳ አልተገፈፈም፤ የድሬ አቧራ በላዩ ተኝቶበት ወፍራም ብርድ ልብስ ለብሶ ከርሟል።

ገንዘቡን ያዋጣነው ወላጆች ነን። በወላጅ መምህር ኅብረት ስብሰባ «ልጆቹ በቦርሳ ጎበጡ» ተባለ፤ አዋጣን፤ ሎከሩ መጣ፤ አጨበጨብን። ከርእሰ መምህሩ ቢሮ ፊት ለፊት ኮሪደሩ ላይ ተደረደረ። አንዱ ችኩል ወላጅ ተነሥቶ «መቼ ነው ለልጆቹ የሚታደለው?» ቢል «ለልጅ ከተሰጠማ ይበላሻል» ተባለ። ምን ይመለሳል? በር የሚገነጠለው ሲከፈት ነው፤ ወንበርም የሚሰበረው ሲቀመጡበት። እናቶቻችን ቡፌ ውስጥ የደረደሩት ብርጭቆ ልጅ ተወልዶ እስኪዳር ሳይሰነጠቅ የኖረው ማንም ስላልጠጣበት አይደለም እንዴ?

እስከዚያው ልጆቹ ይሸከማሉ። የሰባተኛ ክፍሉን ልጄን ቦርሳ የሰፈራችን ባለሱቅ በስኳር ሚዛኑ መዘነልኝ፤ ስድስት ኪሎ ተኩል። ልጁ ራሱ 34 ኪሎ ነው። ሐኪሞች ልጅ ከሰውነቱ ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶ በላይ ባይሸከም ይመክራሉ፤ ለእሱ ቢበዛ አምስት ኪሎ ገደማ መሆኑ ነው። ትርፉ ኪሎ ተኩል እንግዲህ የትምህርት ቤቱ ምርቃት ይሁንለት።

ውስጡን ዘረገፍኩት። የየትምህርቱ ደብተር፣ የስፖርት ጫማ፣ ሌሊቱን ፍሪጅ አድሮ ድንጋይ የሆነ የሃይላንድ ውሃ በጋዜጣ ተጠቅልሎ፣ በፌስታል የታሰረ ሳምቡሳ። በረዶው እየቀለጠ ጋዜጣውን ያረጥባል፤ ጋዜጣው ኅብረተሰቡን ያረጥባል፤ የኅብረተሰብ ደብተሩን ማለቴ ነው። የሳምቡሳው ዘይት ደግሞ ሒሳብ ላይ ደርሷል። መምህሩ «ይህ ምንድን ነው?» ብለው ያከበቡበት ገጽ አለ፤ ልጄ መልሱን አልጻፈም፣ ሽታው ይናገራል።

ዴስኩ ሥር ትቶት እንዳይመጣ ትምህርቱ በፈረቃ ነው። ጠዋት የእሱ የነበረ ዴስክ ከሰዓት የሌላ ሰው ርስት ነው። ባለፈው ኮምፓሱን ረስቶ መጣ፤ በማግሥቱ ሲፈልገው ኮምፓሱ በዝውውር ወደ ከሰዓት ፈረቃ ሄዷል። ስለዚህ ሁሉን ይዞ ይሄዳል፣ ሁሉን ይዞ ይመለሳል። ከሳቢያን ሰፈር ወደ ቀዚራ የሚያመላልሰው ባለባጃጅ ቦርሳውን አይቶ «ይኼ ደግሞ ሒሳቡን ማን ይከፍልለታል?» ይላል። እስካሁን በቀልድ ነው።

ታዲያ ይህ ለድሬ ልጅ ብርቅ ነው? ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ሲደርስ ከተማዋ የበቀለችው ጭነት ሲራገፍና ሲጫን ነው። ከጅቡቲ የመጣው ዕቃ እዚህ ወርዶ በግመልና በበቅሎ ወደ ሐረር ይወጣ ነበር። በኋላም በባቡር የሚነግዱት እናቶቻችን ጨርቁን ሰውነታቸው ላይ ደራርበው ለብሰው፣ ሲሳፈሩ ቀጭን ሲወርዱ ወፍራም ሆነው፣ በፈታሽ ፊት ሲያልፉ ኖረዋል። ትምህርት ቤቱ ያደረገው ይህን ቅርስ ለትውልድ ማስተላለፍ ነው። መጋዘን ከሌለ ጀርባ አለ።

ደግሞ ኢንስፔክሽን አለ። ትምህርት ቤት ሲመዘን ግብዓት፣ ሂደት፣ ውጤት ተብሎ ይታያል፤ ከደረጃ 1 እስከ 4 ይሰጠዋል። ሎከር ግብዓት ነው። ቆሞ ታይቶ ይቆጠራል። ተማሪ የነካው ዕለት ወደ ሂደት ይገባል፤ ሂደት ደግሞ ጣጣ አለው፤ ቁልፍ ይጠፋል፣ ስም ይለጠፋል፣ ውስጡ ሙዝ ይረሳል። አስተዋይ ሰው ያለቀለትን ግብዓት ወደ ሂደት አይከትም።

ጉዳዩን ከሥሩ ላጠና ብዬ ንብረት ክፍል ሄድኩ። ፀሐዩ አናት የሚበሳበት ሰዓት ነበር፤ ከተማው ሁሉ ጥላ ፈልጎ ተጋድሟል። ሠራተኛዋ ግን ቦታዋ ላይ ናት፤ እግዜር ያክብራት።

«አንዱን ሎከር ብቻ ከፍታችሁ ብታሳዩኝ» አልኳት።

«አቦ ምን አስቸኮለህ? ቁልፍ የያዘችው ልጅ የለችም።»

«የት ሄደች?»

«ሥልጠና።»

«የምን ሥልጠና?»

«የንብረት አያያዝ።»

ድሬ ውስጥ አንቱታ ስለማይበዛ አንተ ተብሎ መባረር ራሱ ፍቅር አለው፤ አልከፋኝም። እንዲያውም ወንበር ስባ አስቀመጠችኝና አስተማረችኝ። ሎከሩ ሞዴል 19 በሚባል የንብረት ቅጽ ገቢ ሆኗል። ይወጣ ዘንድ በሞዴል 20 መጠየቅ አለበት፤ በሞዴል 22 ደግሞ ወጪ ተደርጎ የሚረከበው ሠራተኛ ይፈርምበታል። ተማሪ ሠራተኛ አይደለም። ስለዚህ ሊፈርም አይችልም። ስለዚህ ሊረከብ አይችልም። አንድ ልጅ ሎከር እንዲያገኝ መጀመሪያ ትምህርቱን ጨርሶ፣ ተመርቆ፣ እዚሁ ትምህርት ቤት መቀጠር ይኖርበታል። ይህን ያህል ሩቅ የሚያይ አሠራር የት ይገኛል?

ስወጣ ከዳር ያለው ሎከር ገርበብ ብሎ አየሁት። ሰው ነኝና አጮለቅኩ። ጀበና፣ ስኒ ከነረከቦቱ፣ ነፋስ ያልገባበት ኳስ፣ ከበታቻቸው ደግሞ በሲባጎ እንደታሰሩ የተቀመጡ የአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት መጻሕፍት። ልጄ ሦስት ሆነው በአንድ መጽሐፍ የሚማሩበት ምክንያት ያኔ ገባኝ። መጽሐፍ ከባድ ነው። ትምህርት ቤቱ ለጀርባው አዝኖለት ኖሯል፤ እኔ ግን ስሙን ሳጠፋ ነው የከረምኩት።

ይህን ሁሉ ሥርዓት የሚያፈርስ አንድ ባለሱቅ ከትምህርት ቤቱ በር ማዶ አለ። ተማሪ ስልክ ይዞ መግባት ክልክል ነው፤ ልጆቹ ጠዋት እየመጡ ስልካቸውን ለዚያ ባለሱቅ ይሰጡታል። ማስቀመጫው የብስኩት ካርቶን ነው። ከደብተር ቅዳጅ ላይ ቁጥር ይጽፋል፤ ግማሹን በላስቲክ ስልኩ ላይ ያስራል፣ ግማሹን ለልጁ ይሰጣል፣ ዐሥር ብር ይቀበላል። ሲለቀቁ ወረቀቱን አይቶ ስልኩን ይመልሳል። በቃ! ሞዴል የለ፣ ማኅተም የለ፣ ሥልጠና የለ። ጠፋብኝ ያለ ልጅ እስካሁን አልሰማሁም፤ ይህም ነገሩን ይበልጥ አጠራጣሪ ያደርገዋል። የሚመለከተው አካል እርምጃ ይውሰድ። ንብረት በዚህ ፍጥነት ወደ ባለቤቱ መመለስ ከጀመረ ስንት ቢሮ ሥራ ይፈታል።

ባለፈው እሑድ ደግሞ ለስብሰባ ተጠራን። አጀንዳው አንድ ነበር። ሎከሮቹ ኮሪደር ላይ አቧራና ፀሐይ እየጎዳቸው ስለሆነ የሚቀመጡበት ክፍል ይሠራ፣ ወላጅም የአቅሙን ያዋጣ። እጄን ቀድሜ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ቆርቆሮው ጸደቀ፣ ብሎኬቱ ጸደቀ፣ የብረት በሩ በጭብጨባ ጸደቀ። የክፍሉን ቁልፍ ማን ይያዝ የሚለው ላይ ግን እስከ ምሳ ሰዓት ተከራክረን መስማማት ስላልቻልን ኮሚቴ ተቋቁሟል።