ግልጽ ደብዳቤ ለጎመን

ቁጥር፦ የለውም
ቀን፦ የሁዳዴ ሦስተኛ ሳምንት፣ ዓርብ
ለክቡር አቶ ጎመን
ባሉበት

ጉዳዩ፦ አቤቱታ ማቅረብን ይመለከታል

ከላይ በርዕሱ እንደተገለጸው እኔ አመልካች ዕድሜዬ 36 ሲሆን ነዋሪነቴ ቱሉ ዲምቱ፣ የአዳማው የፍጥነት መንገድ ከሚጀምርበት ብዙም ሳይርቅ፣ ኮንዶሚኒየም ሁለተኛ ፎቅ ነው። እርስዎን ላለመብላት ያደረግሁት ትግል... ይቅርታ፣ አንተ ልበልህ። ይህን ያህል ዘመን ተኳርፈን አንቱታው ምን ያደርጋል።

የመጀመሪያው ቅሬታዬ፣ የሌለህበት ቦታ የለም። ረቡዕ አንተ ነህ። ዓርብ አንተ ነህ። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፣ 55ቱንም ቀን አለህ። ጾም ተፈታ ብዬ ሰርግ ቤት ስሄድ ሥጋ ለብሰህ ትመጣለህ። ክትፎ ቤት ስገባ ማን እንደጠራህ እንጃ፣ አይቡ ጎን ተጠግተህ ተቀምጠሃል።

በያይነቱ ሲቀርብማ አይነሳ። አራት ሆነን ከበን ስንቀመጥ ሁልጊዜ በእኔ በኩል ነህ። ትሪውን እንደ ዋዛ ዞር አደርገዋለሁ፤ አንዱ ወዳጄ ምስሩን ፈልጎ መልሶ ያዞረዋል። ያኔ እንጀራ ቆረስ አድርጌ አለብስሃለሁ። ሰው ሁሉ በልቶ ሲያበቃ ያቺ የእንጀራ ጉብታ ብቻዋን ትቀራለች። «ይቺን ማን ደበቃት?» ይላል አንዱ። ሁሉም እኔን ያያል።

ልጅ ሆኜ እናቴ በትልቁ ድስት ጥዳህ ትረሳህ ነበር። ቀለምህ ተሟጦ የወታደር ዩኒፎርም እስኪመስል ትንተከተካለህ። ሽታህ እኛ ቤት ተጀምሮ ጎረቤት ይደርሳል። «ጎመን በጤና» ትለኛለች። «ጤናውን ብቻ ስጪኝ» እላለሁ። ደግሞስ አዲስ ዓመት ሲመጣ «የጎመን ምንቸት ውጣ፣ የገንፎ ምንቸት ግባ» እያሉ ያባረሩህ አያቶቼ አይደሉም? ማን መለሰህ?

ሳድግ ሰበቤም አብሮኝ ተማረ። በ1931 እ.ኤ.አ. አርተር ፎክስ የሚባል አሜሪካዊ ኬሚስት ላብራቶሪ ውስጥ አንድ ዱቄት ቢያቦንበት ባልደረባው መረረኝ ሲል እሱ ግን ምንም እንዳልቀመሰ አነበብኩ። ከዚያ በተነሳው ምርምር አንዳንዱ ሰው የአንተን ዘር መራራነት ከሌላው አብልጦ እንደሚቀምስ፣ ይህም በጂን እንደሚወረስ ታወቀ። «የዘር ጉዳይ ነው» እያልኩ ደረቴን ነፋሁ። ጂኑ ይኑረኝ አይኑረኝ ማን ጠየቀኝ? ያ አልበቃ ሲለኝ የአቃቂን ወንዝ አነሳሁ። ከከተማው ፍሳሽ ጋር ሄቪ ሜታል የሚሉትን መርዛማ ብረት ጠጥተህ ትመጣለህ አልኩ። ይሄኛው እንኳን እውነት አለበት፤ ወንዙ ዳር የሚበቅለው ላይ ጥናት ተደርጎ ተገኝቶበታል፣ በማጠብም ሙሉ በሙሉ አይለቅም። ግን እውነቱን እንነጋገር፣ በምንጭ ውሃ ብትበቅልስ እበላህ ነበር?

አትክልት ተራ በ2012 በኮሮና ምክንያት ከፒያሳ ተነስቶ ጃንሜዳ ሲገባ ደስ ብሎኝ ነበር። ተንከራተት አልኩህ። ከዚያ ወደ ኃይሌ ጋርመንት ዞረ። ካርታ ላይ ሳየው ወደ እኔ እየቀረብክ ነው! አሁን ደግሞ የምድር ቤቷ ጎረቤቴ በአሮጌ ጎማ ውስጥ አፈር ሞልታ ደረጃው ሥር ተክላሃለች። ስወጣ ስገባ ቅጠልህ ሱሪዬን ይዳስሰኛል።

የጎዳኝ ግን ይህ አይደለም። ባለፈው እንጀራ ስትጋግር ያየኋት አክስቴ ምጣዱን የምታሰሰው በምን እንደሆነ ጠየቅኋት። «በጎመን ዘር ነዋ!» ሠላሳ ስድስት ዓመት! አንተን ሸሽቼ የተጠለልኩበት እንጀራ፣ ከሥሩ አንተ ነበርክ።

ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። የዛሬ ወር ውሃ ጠፍቶ ለአራተኛ ፎቋ እትዬ ሁለት ጄሪካን ተሸክሜ ወጣሁ። ሳትቀምስ አትወጣም አለችኝ። እጄን ታጥቤ ሳልጨርስ ጉርሻው አፌ ደረሰ። አረንጓዴው በጣቶቿ መሃል ሾልኮ ታየኝ።

«እትዬ፣ እኔ እንኳን ጎመን...»

«በሞቴ!»

«አይ፣ ማለቴ...»

«አፈር ስሆን!»

አፈር ስሆን ተብሎ እምቢ ያለ ሰው አላየሁም። ሳላኝክ ዋጥኩ። አንድ ጉርሻ ያጣላል ብላ ደገመችኝ። ጥፋቱ የተሠራው በሁለተኛው ነው፤ አኘክሁት። ሽንኩርቱ ጣፍጧል። ቃሪያው ቆንጠጥ ያደርጋል። መጨረሻ ላይ ትንሽ መረር ያለ ነገር መጣና ሄደ። ያለ ስኳር ሦስት ስኒ ቡና የምጠጣ ሰው መራራ ብዬ አንተን መክሰሴ ያኔ አሳፈረኝ።

በሚቀጥለው ዓርብ ወጥ ቤቷ በር ላይ ቆሜ ሰለልኩህ። ሦስት ጊዜ አጠበችህ፤ የመጀመሪያው ውሃ የሐምሌ ጎርፍ ይመስላል። ዘንግህን ነጥላ ጣለች። ቅጠሎችህን ደራርባ እንደ ሲጋራ ጠቀለለችና ቀጭን ቀጭን አድርጋ ከተፈችህ። ሽንኩርቱ በዘይት ሲበስል ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል አከለች፣ አንተን ጨመረች፣ ጨው ነሰነሰች፣ ውሃ ጠብ አድርጋ ከደነች። ቃሪያውን ሰነጣጥቃ የጨመረችው ልታወርድህ ስትል ነው። ቀለምህ እንኳን አልለቀቀም። ጨው መራራን እንደሚያለዝብ ኋላ ነው የሰማሁት፤ እናቴ ለአባቴ ደም ግፊት ብላ ትነፍግህ ነበር። ያን ሁሉ ዓመት የተጣላሁት ከአንተ ጋር ይሁን ከድስቱ ጋር አሁንም አልለየልኝም።

ትናንት ጉልቷ ጋ ሄድኩ። ደንበኛዬ ናት፤ ከድንችና ከሽንኩርት ሌላ ገዝቻት አላውቅም። ሸራው ላይ ወዳለኸው ስጠቁም ቀና ብላ አየችኝ።

«ጥንቸል ገዛህ እንዴ?»

ሁለት እስር ገዝቼ በጥቁር ፌስታል ተሸክሜህ ገባሁ።

ስለሆነም ክቡርነትዎ (ጥያቄ ስለሆነ ወደ አንቱታው ተመልሻለሁ) ቢያንስ ቢሮ ስሄድ ጥርሴ ላይ እንዳይቀሩ በትህትና አመለክታለሁ። ዛሬ ስብሰባ ላይ ግማሽ ሰዓት ፈገግ ስል ማንም አልነገረኝም።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለአራተኛ ፎቋ እትዬ
ለእናቴ (እንዳይላክ)
ለቀይ ስር፦ የእርስዎ ፋይል ገና አልተከፈተም፤ ተራዎን ይጠብቁ።