ዳይሬክተራችን ስልጠና ላይ ናቸው፣ እልል በሉ!

ሰፈር ስለቀየርን ባለፈው ሰኞ የልጄን መልቀቂያ ላስጽፍ ትምህርት ቤት ሄድኩላችሁ። ጸሐፊዋ ሰላምታዬን እንኳን ሳልጨርስ «ዳይሬክተሩ ስልጠና ላይ ናቸው» አለችኝ። እሺ ምክትላቸውስ? «አብረው ሄደዋል።» ሁለተኛው ምክትልስ? «እሳቸውም።» ዩኒት ሊደሩስ? «ኧረ ቲሙ ነው እኮ የተጠራው!» አለች፣ ቲም ማለት ምን እንደሆነ ያልገባኝ ገጠሬ መስያት መሰለኝ። ማህተሙስ እህቴ? ማህተሙ መሳቢያ ውስጥ። የመሳቢያው ቁልፍስ? አዳማ። ቁልፉም እየሰለጠነ ነው ማለት ነው። የስልጠናው ርዕስ ምን እንደሆነ ስጠይቃት የጥሪ ደብዳቤውን አወጣችልኝ፣ «ቀልጣፋ አገልግሎት አሰጣጥ እና የአመራሩ ሚና» ይላል።

እዚህ ጋ የሚበሳጭ ወላጅ ይኖራል። እኔ ግን በደስታ እልል ልል ምንም አልቀረኝ። ሌላው አገር ዳይሬክተር ሆኖ ለመሾም መጀመሪያ ይሰለጥናሉ አሉ፣ የእኛዎቹ ግን ተሹመውም አያርፉም፣ መስከረም ላይ ይሰለጥናሉ፣ ልክ ሚድ ኤግዛም ሲደርስ ይሰለጥናሉ፣ በጀት መዝጊያ ሲቃረብማ ጭራሽ እንቅልፍ የላቸውም፣ ሰኔ መጥቶ ያልተነካ የስልጠና ብር አለ ከተባለ በሦስት ቀን ውስጥ የሚገኘው የአመራር ክፍተት ብዛት ለጉድ ነው።

ደግሞ ለምን አዳማ፣ ለምን ቢሾፍቱ፣ ለምን ሀዋሳ የሚሉ ምቀኞች አሉ። የት ይሁን ታዲያ? ትምህርት ቤቱ አዳራሽ አለው፣ ቅዳሜ ባዶ ነው፣ በነጻ ነው፣ ይሄ ሁሉ እውነት ነው፣ ግን ሐይቅ አለው? ተማሪ እየጮኸ፣ ጠመኔ እየበነነ፣ ሽንት ቤቱ ውሃ አጥቶ እየሸተተ ስለ ትምህርት ጥራት ማሰብ ይቻላል እንዴ? ስለ ትምህርት በደንብ ለማሰብ ከትምህርት ቤት ቢያንስ አንድ መቶ ኪሎሜትር መራቅ ያስፈልጋል።

ጎረቤቴ የሌላ ትምህርት ቤት ምክትል ዳይሬክተር ነው፣ ሳሎኑ ከቲቪው በላይ ያለው ግድግዳ በሰርተፍኬት ተሸፍኖ ቀለሙ አይታይም። እሱ ነው ውስጡን የሚነግረኝ። ጠዋት መጀመሪያ ፊርማ ነው፣ ከዚያ የክብር እንግዳው እስኪመጣ ይጠበቃል፣ እንግዳው ስለ ሰዓት አክባሪነት ይናገርና ሌላ ስብሰባ ስላለበት ይሄዳል። ከዚያ ግራውንድ ሩል ይወጣል፣ ስልክ ማጥፋት፣ ሐሳብ መከባበር ምናምን። ከዚያ አሰልጣኙ «በላፕቶፑ ትንሽ ችግር አለ» ይላል፣ ሁሌም አለ። ከዚያ ስላይዱ ይመጣል፣ ትራንስፎርሜሽናል ሊደርሺፕ፣ ኢንስትራክሽናል ሊደርሺፕ፣ የማይንድሴት ለውጥ፣ ፊደሉ ከማነሱ የተነሳ የፊተኛው ወንበር ላይ ካልሆንክ በእምነት ነው የምትሰለጥነው። ምሳ በልተው ሰው ማንቀላፋት ሲጀምር ኤነርጃይዘር ይባልና ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት የቀራቸው ሱፐርቫይዘር ተነስተው እያጨበጨቡ ይዘላሉ። ግሩፕ ዲስከሽን ደግሞ አለ፣ ፍሊፕ ቻርት ተዘርግቶ «በትምህርት ቤታችሁ ያሉ ችግሮች» ሲባል አንደኛው ግሩፕ የበጀት እጥረት ይላል፣ ሁለተኛው ተነስቶ «ግሩፕ አንድ ያለው እንዳለ ሆኖ» ይልና የበጀት እጥረት ይላል። ጎረቤቴ እንደሚለው በየዘመኑ የመጣውን የአሠራር ማሻሻያ ሁሉ፣ ቢፒአርን ሲሰለጥን፣ ቢኤስሲን ሲሰለጥን፣ ካይዘንን ሲሰለጥን፣ አንድ ለአምስትን ሲሰለጥን የጻፈው መልስ አንድ ነው፣ ማርከሩ ብቻ ነው የተቀያየረው።

በመጨረሻው ቀን አዳራሹ ጢም ይላል። እስከዛ ያልታየ ሁሉ ይመጣል። የተሳትፎ ችግር አለ የሚል ሰው የአበል ቀን መጥቶ ይመልከት።

እኔን በጣም የሚያስደምመኝ ግን ካስኬድ የሚሉት ነገር ነው። ስልጠናው ከላይ ሲነሳ አስር ቀን ነው፣ አሰልጣኞቹ ይሰለጥናሉ፣ እነሱ ወርደው ቀጣዩን በአምስት ቀን ያሰለጥናሉ፣ ወረዳ ላይ አንድ ቀን ይሆናል፣ ትምህርት ቤት ሲደርስ ከእረፍት በኋላ አርባ ደቂቃ፣ መምህሩ ጋ ሲደርስ ደግሞ «ሰልጥኛለሁ» ብሎ የሚፈርምባት አንዲት ወረቀት ትሆናለች። ልክ እንደ ቡናችን። ላይኛው አቦሉን ከነአበሉ ይጠጣል፣ መካከለኛው ቶናውን፣ መምህሩ በረካውን፣ ተማሪው ጋ ሲደርስ ጀበናው እየታጠበ ነው።

ውጤቱስ ትሉኝ ይሆናል። ይኸው! የ12ኛ ክፍል ፈተና ወደ ዩኒቨርሲቲ ተወስዶ መሰጠት ሲጀምር ከ2014 ተፈታኞች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ፣ በ2015 3.2 በመቶ ሆነ፣ በዚያው ዓመት 1,328 ትምህርት ቤቶች አንድ ተማሪ እንኳን አላሳለፉም። አስቡት፣ 1,328 ትምህርት ቤት ሳይነጋገር እኩል ዜሮ! እንዲህ ያለ ቅንጅት ያለ ጠንካራ ሊደርሺፕ ከየት ይመጣል? በ2016 ደግሞ 5.4 በመቶ ደረሰ፣ በዚህ ፍጥነት ከሄድን የልጅ ልጆቼ ተስፋ አላቸው። ሁሌ ውጤት በወጣ ቁጥር ምክንያቱ የአመራር ክፍተት ነው ይባላል፣ ክፍተት ደግሞ የሚሞላው በስልጠና ነው። የልጄ ክፍል ጣሪያ ላይም ክፍተት አለ፣ ክረምት ላይ ደብተር ያረጥባል፣ እሱ ግን ቆርቆሮ እንጂ አመራር ስላልሆነ ስልጠና አይመለከተውም።

ለነገሩ ጎረቤቴን አልፈርድበትም። ጂኦግራፊ ያስተምር የነበረን ሰው ማክሰኞ ጠርተው ሐሙስ ምክትል ዳይሬክተር ሲያደርጉት ማሰልጠኑ የግድ ነበር፣ ደሞዙም ከአበሉ ጋር ካልተደመረ ወር አያደርሰውም። «ይሄ ሁሉ ሰርተፍኬት አለኝ፣» አለኝ አንዴ፣ «የተማርኩትን ሰርቼው እንደሆነ ብሎ ግን ትምህርት ቤቴ ድረስ መጥቶ የጠየቀኝ አንድም አሰልጣኝ የለም።» ይሄን ሲል አልሳቀም፣ እኔም ሽሙጤን ዋጥ አድርጌ ዝም አልኩ።

ወደ ሰኞው ልመለስ። መልቀቂያዬን ሳላገኝ ስወጣ ግቢው ፀጥ ብሏል፣ ትምህርት ቤቱ እየሠራ ነው። ለካ ዘበኛው ናቸው። ያረፈዱትን ገስጸው አስገብተዋል፣ የሚደባደቡ ሁለት ልጆች ለያይተው ፀሐይ ላይ አቁመዋል፣ መምህር የቀረበት ክፍል ደግሞ ስፖርት መምህሩን ለምነው አስገብተዋል።

«አባባ፣ እርስዎስ ስልጠና አይጠሩዎትም?» አልኳቸው።

«አንዴ ጠርተውኛል ልጄ፣ በእሳት ማጥፊያ አጠቃቀም።»

«እና እንዴት ነበር?»

«ጥሩ ነው። ማጥፊያው እስካሁን አልመጣም እንጂ» ብለው ሰዓታቸውን አዩና ዛፉ ላይ የተንጠለጠለውን ቸርኬ ሊደውሉ ሄዱ።